በኤርካሎ ስም የተመዘገበው ቀይ ጊታር

ሶዶ ውስጥ ኤርካሎን በመልኩ የማያውቅ ሰው ሞልቷል፤ በጊታሩ የማያውቀው ግን ጥቂት ነው። የኪነት ቡድኑ ከሚለማመድበት አዳራሽ በታች ባለው ቁልቁለት የሚያልፍ ሰው፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን፣ ያንን ሹል ሆኖ ጫፉ ላይ ትንሽ ሳግ ያለበት ድምፅ ሲሰማ "ኤርካሎ አለ" ይላል። "እየተጫወተ ነው" አይባልም፤ "አለ" ነው የሚባለው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚያ አዳራሽ ስላልጠፋ፣ ሰዉ መኖሩን እንደ ዳሞት ተራራ ለምዶታል። ተራራውን ደግሞ ማን ቀና ብሎ ያየዋል?

ድሮ ይህን ሲነግሩት ደስ ይለው ነበር። አሁን አሁን ግን "አለ" ሲሉት አንድ ነገር ደረቱ ላይ ይቀመጥበታል።

ነገሩ የጀመረው ጊታሩ የመጣ ቀን ነው። ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከአዲስ አበባ በካርቶን ታሽጎ የመጣውን ቀይ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲያይ ልቡ ቆመ። የቡድኑ መሣሪያ ሁሉ በቡድን መሪው ስም ነበር ከግምጃ ቤት የሚወጣው፤ ደንቡም እሱው ነው። ኤርካሎ ግን ንብረት ክፍል ድረስ ሄዶ ለመነ።

"በእኔ ስም ይውጣልኝ፤ ሌላ እጅ እንዳይገባ።"

የዚያን ጊዜው የንብረት ሠራተኛ ሳቀበት። "ሰው ከመንግሥት ንብረት ይሸሻል፣ አንተ ፈርሜ ልውሰድ ብለህ ትለምናለህ?"

ለመነና ፈረመ። እየሳቀ ነበር የፈረመው።

ሚስቱ አያልነሽ አዋላጅ ነርስ ናት። የተዋወቁት በዚሁ ጊታር ነው። የምትሠራበት ግቢ ለአዳራሹ ቅርብ ስለነበር፣ መልኩን ሳታይ ከመስኮት ባሻገር ስትሰማው ከረመች። ሲገናኙ የመጀመሪያ ንግግሯ "ትናንት ለምን ከፋህ?" የሚል ነበር። በእርግጥም ከፍቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ኤርካሎ ከእሷ ጆሮ የደበቀው ነገር የለም፤ መደበቅ ስለማይቻል ነው። እንግዲህ ይህቺን ሴት ከሰባት ዓመት በፊት ወደ ገሱባ አዛወሯት። "ለአንድ ዓመት ብቻ ነው" አሏት። ዓመት ሲሞላ "ምትክ አልተገኘም" ሆነ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ምትክ አልተገኘም። ኤርካሎ በየአስራ አምስት ቀኑ ይሄዳል፤ ክረምት ላይ መንገዱ ሲበላሽ ወር ያልፋል። እሷ እዚያ በተከራየችው ቤት፣ እሱ እዚህ በተከራየው ቤት፣ በየፊናቸው አንዳንድ ድስት ይዘው ሰባት ዓመት።

እሷ መምጣት ካልቻለች እሱ ይሂድ ተባባሉና፣ ኤርካሎ በየዓመቱ የዝውውር ማመልከቻ አስገባ። በዚህ ዓመት፣ ነሐሴ ሲገባ፣ ተፈቀደለት። ገሱባ ውስጥ አንድ የቢሮ ሥራ፤ ጊታር የሌለው፣ ወንበርና ጠረጴዛ ያለው። ደብዳቤው ግን አንድ ነገር ይላል፦ እስከ መስከረም አምስት በአዲሱ የሥራ ቦታ ያልተገኘ እንደሆነ ዝውውሩ ይሰረዛል።

"እስከ መስከረም አምስት" አለች አያልነሽ በስልክ። "አልጋውን ወደ ግድግዳው ላስጠጋው ነው። አንተ እኮ እግርህ ረጅም ነው።"

መልቀቂያ ለማግኘት መጀመሪያ በእጁ ያለውን ንብረት ማስረከብ ነበረበት። ቀይ ጊታሩን ይዞ ግምጃ ቤት ሄደ።

የንብረት ክፍሏ ወርቅውሃ ከመሳቢያዋ ካርድ አውጥታ አነበበች። ጥሩ ሴት ናት፤ ካርድ ስትይዝ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። "ጊታር፣ ኤሌክትሪክ፣ ቀይ፣ ባለ ሦስት ፒክአፕ። ሦስቱም ይሠራሉ?"

ኤርካሎ ጣቱን በክሮቹ ሥር አሳለፈ።

የኤሌክትሪክ ጊታር ነገር እንዲህ ነው። ከክሮቹ ሥር ፒክአፕ የሚባሉ የጣት ቁመት ያላቸው ዕቃዎች ተቀብረዋል። ውስጣቸው ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ዙሪያ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ስምንት ሺህ ጊዜ ያህል ተጠምጥሟል። ክሩ ሲርገበገብ ሰምቶ ለአምፕሊፋየሩ የሚናገረው ይሄ ሽቦ ነው። ከተበጠሰ ጣትህ ቢደማም ጊታሩ ዝም ይላል። የኤርካሎ ጊታር ከአንገቱ በኩል ያለውም መካከለኛውም ከሞቱ ዓመት አልፏቸዋል፤ አንዱ በላብ ዝጎ፣ አንዱ የአዳራሹ ጣሪያ አፍስሶበት። ዓመት ሙሉ በቀረችው በአንዷ ብቻ ሲጫወት ማንም ልብ አላለውም። አያልነሽ ብቻ ገና በመጀመሪያው ሳምንት "አንተ፣ ጊታሩን ጉንፋን ይዞታል እንዴ?" ብላው ነበር።

"አንዷ ትሠራለች" አለ በመጨረሻ።

"እንደተረከብከው ነው የምታስረክበው፣ ጋሽ ኤርካሎ።" ወርቅውሃ ካርዱን መለሰችው። "ሦስት ተቀብለሃል፣ ሦስት ትመልሳለህ። ከየትም ይምጣ፣ እኔ ሦስት ሲጮሁ ልስማ።"

እንዲህ ሆኖ ነው ፒክአፕ ፍለጋ የወጣው። ሶዶ ውስጥ የሚሸጥ የለም። አዲስ አበባ ላለ የሙያ ባልደረባው ደወለ፤ ሦስት ፒክአፕ ያለበት እሽግ እልካለሁ አለው። በዚያ ብቻ አልተማመነም፤ የሞቱትን ሁለቱን ነቅሎ በመናኸሪያው አጠገብ ወደ ታሪኩ ሱቅ ወሰዳቸው።

ታሪኩ የሞተር ጠምጣሚ ነው። ከየቀበሌው የተቃጠለ የወፍጮ ሞተር፣ ከዲምቱ የውሃ ፓምፕ ይመጣለታል። ፒክአፕ ነክቶ አያውቅም። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና፣ "ኢሻ፣ ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ሞተር ነው" አለ። "የማይዞር ሞተር። ልክ እንደ እኔና እንደ አንተ።"

ሦስት ቀን ፈጀበት። ሽቦውን ከአሮጌ የስልክ ማዞሪያ ፈታው። ዙሩን የሚቆጥርበት አጥቶ፣ ከተጣለ የካሴት ቴፕ ላይ ያችን ሦስት አኃዝ ያላትን ቆጣሪ ነቅሎ ከመጠምጠሚያው ጋር አገናኛት። ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ደርሳ ወደ ዜሮ በተመለሰች ቁጥር አንድ የበቆሎ ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ስምንት ፍሬ ሲሞላ አበቃ። እስትንፋሱን ይዞ ነበር የሚጠመጥመው፤ ሰው ከገባ በእጁ ምልክት ሰጥቶ ያስቆመዋል።

"አሁን ሰም ይፈልጋል" አለ። "ሽቦው ውስጥ ካልገባ ይጮህብሃል።"

አያልነሽ ከገሱባ የማር ሰም በሾፌር ላከች፤ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ላስቲኩ ላይ በእስክሪብቶ "የመልቀቂያ ሰም" ብላ ጽፋበት። ታሪኩ በቆርቆሮ አቅልጦ ነከራቸው። ሱቁ በሙሉ የቀፎ ሽታ ሸተተ።

እሽጉም በዚያው ቀን ደረሰ። የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ፣ የሚያምር ሣጥን። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው በታሪኩ ትንሽ አምፕሊፋየር ሞከሯቸው። መጀመሪያ አዲሱን። ኤርካሎ ክሩን ሲነካው አፍንጫው የተያዘ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር። ጎረቤት ብየዳ ሲጀመር ደግሞ እዝዝዝ እያለ ብየዳውን አብሮ ይዘፍናል። ቀጥሎ ታሪኩ የጠመጠመውን። አንዲት ክር ብቻ ነው የነካው። ፓምፑን ሊወስድ መጥቶ ጥግ ላይ የተቀመጠ የዲምቱ ገበሬ ወሬውን አቋርጦ ቀና አለ።

"የቅድሙ ሬዲዮ ነው" አለ ሰውዬው። "ይሄኛው ሰው ነው።"

ታሪኩ በደስታ ጠረጴዛውን መታ፤ በቆሎዎቹ ዘለሉ። "በል እንግዲህ ይሄን ይዘህ ሂድና አለቃህ ደግፌ ይልቀቅህ! ዕድሜ ልክህን አቅፎህ ነው የሚኖረው!"

ሁሉም ሳቁ። ኤርካሎም ሊስቅ ጀምሮ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

አቶ ደግፌ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ መልቀቂያው ላይ የመጨረሻዋን ፊርማ የሚያኖሩት እሳቸው ናቸው። ጊፋታ፣ የወላይታ አዲስ ዓመት፣ መስከረም አጋማሽ ላይ ነው። በጊፋታ ሰሞን አቶ ደግፌ እንግዳ ይቀበላሉ፣ መድረክ ያዘጋጃሉ፣ ስማቸው በማይክራፎን ይጠራል። ይህ ድምፅ ጆሯቸው ከገባ አይለቁትም። ታሪኩ የቀለደው ቀልድ እውነት ነበር።

ኤርካሎ ሁለቱንም እጁ ላይ አድርጎ ቆየ። በአንዱ መዳፉ አዲሱ እሽግ፣ በሌላው ገና ያልቀዘቀዘው ሰም። የሚፈልገው ወርቅውሃን የሚያረካ፣ አቶ ደግፌን የማያስደስት ፒክአፕ ነበር። ሦስት ጊዜ የሚጮህ፣ ግን ማንም የማይናፍቀው።

"አዲሶቹን ግጠምልኝ" አለ።

ታሪኩ የሰማውን አላመነም። "እነዚህን? ታዲያ እኔ ሦስት ቀን እስትንፋሴን ይዤ የጠመጠምኩት ለኪስህ ነው?"

"ታሪኩ..."

"እጄን ሰደብከው እኮ፣ ኢሻ።"

ኤርካሎ ገሱባን ነገረው። ሰባቱን ዓመት፣ መስከረም አምስትን፣ ወደ ግድግዳው የተጠጋውን አልጋ። ታሪኩ ብየዳ ብረቱን አሞቀ፣ አሮጌዋንም ነቅሎ ሦስቱን አዲሶች ገጠመ። ሥራ ላይ ዝም ብሎ የማያውቅ ሰው፣ ያን ቀን አንድም አልቀለደም።

ማታውን ለአያልነሽ ነገራት።

"ሰሜስ?"

"ኪሴ ውስጥ ነው። ከታሪኩ ሥራ ጋር።"

"ኪስህ ማር ማር ሸተተ በለኛ።" ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልረዘመም። "ትችላለህ ግን? በዚያ ድምፅ መጫወት?"

"አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን ያቅተኛል?"

ርክክቡ የነሐሴ የመጨረሻው ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ሆነ። ወርቅውሃ ካርዷን ይዛለች፤ አንድ ዝምተኛ የኦዲት ሰው አጠገቧ ቆሟል፤ አቶ ደግፌ የፊቱን ወንበር ይዘዋል። ዳንሰኞቹ ለጊፋታ የሚለብሱት ዱንጉዛ ታጥቦ መድረኩ ላይ ተሰጥቷል፤ ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ ቢጫው።

"አንድ" አለች ወርቅውሃ። ኤርካሎ ክሩን ነካ። ጮኸ። በካርዱ ላይ ምልክት አደረገች። "ሁለት።" ጮኸ። "ሦስት።" ጮኸ።

"ሦስቱም ይሠራሉ" አለች፤ ከልቧ ደስ ብሏት ነበር። "ጨርሰሃል፣ ጋሽ ኤርካሎ።"

ኤርካሎ ጊታሩን ከትከሻው ሊያወርድ ማንጠልጠያውን ያዘ።

"ቆይ ቆይ፣ ጋሽ ኤርካሎ" አሉ አቶ ደግፌ። "እንዲሁ ይሄዳሉ እንዴ? ትንሽ ይጫወቱልን እንጂ።"

አስቦበት መጥቷል። ቀርፋፋ ዜማ መረጠ። አምፕሊፋየሩ ሲያጉረመርም እንደ ልማዱ በመዳፉ አላፈነውም፤ ተወው። ክሮቹን ሞቅ ሳያደርግ፣ ሰላምታ ለመስጠት ያህል ብቻ ነካካቸው። በታሪኩ ሱቅ ጥግ ተቀምጦ የነበረው ያ ገበሬ ቢኖር ኖሮ ተነስቶ ይሄድ ነበር። ኤርካሎ ራሱ ጆሮው እስኪግል አፈረ። በሕይወቱ እንዲህ አስቀያሚ ነገር ተጫውቶ አያውቅም።

ቀና ሲል አቶ ደግፌ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን እያወዛወዙ ነው።

"ኧረ ይሄ ነው ድምፅ!" አሉ። "ዓመት ሙሉ የት ደብቀውት ነበር? አዲስ ፒክአፕ ማለት እንዲህ ነው!"

መጀመሪያ የሚያሾፉ መሰለው። አላሾፉም። ዝምተኛው የኦዲት ሰው እንኳ "በጣም ጥሩ ነው" ብሎ ያን ቀን የመጀመሪያውን ቃል ተናገረ። ለካ የቱንም ቢገጥም ለእነሱ ያው ነበር። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጊታር ተሰቅሎ፣ ሰው ቆሞ፣ አንድ ነገር መጮሁን ነበር የሰሙት።

"ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ ጊታሩ ሠርቷል አይደል?" አሉ አቶ ደግፌ።

"ሠርቷል፣ አቶ ደግፌ። ንብረቱን እኔ ተቀብያለሁ።"

"እንግዲህ ጊታሩ ከሠራ ሥራው አለ ማለት ነው። ሥራው ካለ ደግሞ፣ ጊፋታ ደጃፋችን ላይ ቆሞ፣ ሠራተኛውን እንዴት እለቃለሁ? ሕዝቡስ ምን ይለኛል? 'ኤርካሎ የት አለ?' ቢለኝ?"

"አቶ ደግፌ" አለ ኤርካሎ። ድምፁ እንደ አዲሱ ፒክአፕ ታፈነ። "ባይሠራ ኖሮስ?"

"ባይሠራ ኖሮማ" አሉ፤ መንገድ የጠፋበትን ሰው እንደሚያሳዩ በለሰለሰ አነጋገር፣ ክፋት ሳይኖርባቸው፤ "ንብረቱን ሳያስረክቡ እንዴት አድርገው ይሄዳሉ፣ ጋሼ?"

"የእኔ ደብዳቤ እስከ መስከረም አምስት ነው። ጊፋታ ከዚያ በኋላ ነው።"

"አውቃለሁ። ከጊፋታ በኋላ እንደገና ያመልክቱ። እኔ ራሴ እደግፍዎታለሁ፤ ቃሌ ነው።"

ሊጮህ ፈለገ። የሚጮህበትን አጣ። ሥራውን ጥሎ ቢሄድ ዝውውሩም ደመወዙም፣ የሠራበትም ዘመን አብሮ ይሄዳል፤ ያለ መልቀቂያ ገሱባም አይቀበሉትም። አዳራሹን ዞር ብሎ አየ። በሩ ክፍት ነው። ከበሩ ውጭ ዝናቡን እየሸሸ የሚሮጥ ባጃጅ ይታያል። ማንም የያዘው የለም፤ መውጫ ግን የለውም።

ወርቅውሃ ቃለ ጉባኤውን ጻፈች፤ አንገቷን ደፍታ፣ ከወትሮው ቀስ ብላ። "ንብረቱ በመልካም ሁኔታ ላይ ስለሚገኝ በነበረበት ሰው እጅ እንዲቆይ ተወስኗል።" ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋችው።

"እዚህ ጋ ነው የምትፈርመው፣ ጋሽዬ" አለች፤ ዓይኑን ሳታይ።

ለዚያው ጊታር ለሁለተኛ ጊዜ ፈረመ።

ሐሙስ ለአያልነሽ አልደወለላትም። ዓርብ እሷ ስትደውል "ልምምድ ላይ ነኝ" አለና ዘጋው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከታሪኩ የተዋሳቸውን ብየዳ ብረትና ትንሽ አምፕሊፋየር ኪራይ ቤቱ ውስጥ ሰክቶ ጊታሩን ጠረጴዛ ላይ አጋደመው። አዲሶቹን ሦስቱን ነቀለ። ከኮት ኪሱ ታሪኩ የጠመጠማቸውን ሁለቱንና አሮጌዋን አወጣ። የጋለው ብረት ሽቦውን ሲነካው ሰሙ ትንሽ ቀለጠና ክፍሉን የማር ሽታ ሞላው።

ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቀዋል። ይህ ድምፅ ከገባ ጊታሩን ከእሱ የሚለየው የለም። ግን እሱ ነው ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰማው። በሌላ ሰው አፍንጫ እየተነፈሰ ስንት ዓመት መኖር ይችላል?

ክሮቹን ወጥሮ ሲሞክረው ስልኩ ጮኸ። አነሳው። "አለሁ" ሊላት ፈልጎ ቃሉ አልወጣም፤ ግራ እጁ ክሩ ላይ እንዳለ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረና የጀመረውን ጥቂት ተጫወተ።

አያልነሽ እስኪጨርስ ጠበቀች።

"ያኛው አይደለም" አለች።

"የቱ?"

"ለሐሙስ ያስገጠምከው። ይሄ የእኔ ሰም ያለበት ነው።"

ጣቶቹን ከክሮቹ ላይ አነሳ።

"በአንድ ቀን የሚያልፍ ቢሆን አትቀይረውም ነበር" አለች። ድምፅዋ አልተሰበረም፤ ሴቶችን ስታዋልድ እንዲህ ነው የምታወራው፣ ረጋ ብላ። "አስቀሩህ።"

"አስቀሩኝ፣ አያልዬ።"

ከወዲያኛው በኩል ለረጅም ጊዜ የዝናብ ድምፅ ብቻ መጣ፤ ገሱባ ላይ ገና አላባራም ነበር።

"ሰሙ ተርፎልሃል?"

"ግማሹ አለ።"

"አትጣለው" አለች። ቀጥላም፣ "አልጋውን አልመልሰውም። እንደተጠጋ ይቆይ። በል ተጫወት፣ ስልኩን አትዝጋው።"

ተጫወተ። በዝናብ የራሰው መስኮት ገርበብ ብሎ ነበር። በሥር ባለው መንገድ ሁለት ሴቶች ጭቃውን እየመረጡ ሲያልፉ አንደኛዋ ቆም አለች።

"ኤርካሎ አለ" አለች ለጓደኛዋ።

መስኮቱን ሳይዘጋ ቀጠለ።